ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን እዩ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ጭንቀታቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ወጪው ገቢውን ቀደመው፣ ቤቴን እንዴት አድርጌ ልያዘው? ለብዙ ዓመታት ልብስ ሰፍቻለሁ፤ ብዙ ሰው የሚበላበት ቤትም አስተዳድሬያለሁ። ስለዚህ የምመልሰው እጄ ከሚያውቀው ነው። ቁጠባ ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ርካሽ መግዛት ነው። እኔ ግን አብዛኛው የቤት ገንዘብ የሚባክነው ያለንን ስለማናውቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ቁም ሳጥን ጥግ የተረሳው ሸሚዝ፣ ከፍሪጅ ጀርባ የሻገተው ምግብ፣ የመጀመሪያው ስለጠፋ የተገዛው ሁለተኛ መቀስ፣ ሁሉም ተከፍሎባቸዋል። መልሶቼ በሙሉ ከዚህ ይነሣሉ።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ቁም ሳጥኔ ሞልቶ በሩ አልዘጋ ብሏል፤ ጠዋት ጠዋት ግን የምለብሰው አጣለሁ። ጓደኞቼ «ግማሹን አውጥተሽ ጣይና በጥቂት ጥሩ ልብስ እንደ አዲስ ጀምሪ» ይሉኛል። ቀላል ኑሮ ማለት ይህ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አትጣዪ። «እንደ አዲስ ጀምሪ» የሚለው ምክር መጨረሻው ገበያ ነው። የወጣው ልብስ ቦታ ይለቃል፣ የተለቀቀው ቦታ ደግሞ ሳይሞላ አያድርም።

ይልቅ ግማሽ ቀን መድቢና ሁሉንም አልጋ ላይ አውጪው። ሁሉንም ስል የብርዱንም የሙቀቱንም፣ ሻንጣ ውስጥ ያለውንም፣ በር ጀርባ የተንጠለጠለውንም ነው። ከዚያ አንድ በአንድ እያነሣሽ «ለምን አልለበስኩትም?» ብለሽ ጠይቂ። «እወደዋለሁ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ተይው፤ እሱ እንደ ስሜትሽ ይለዋወጣል። ምክንያቱን ስታገኚ ግን ምን እንደምትሠሪ ታውቂያለሽ። ልብስ ሊያስተካክሉ የሚመጡ ደንበኞቼ ምክንያታቸው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነበር፦ ቁልፉ ወድቋል፣ ዚፑ ይይዛል፣ እጅጌው ረዝሟል፣ ወገቡ ጠብቋል፣ ቀሚሱ ገበር ስለሌለው ሰውነት ያሳያል። እነዚህ ሁሉ በመርፌና በክር የሚያልቁ ናቸው።

ወገቡ የጠበበ ሱሪ ካለሽ ገልብጪና ከኋላ መሐል ያለውን ስፌት እዪ። በደንብ የተሰፋ ሱሪ እዚያ ላይ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ይተውለታል፤ ስፌቱን ፈትቶ ማስፋት ይቻላል። የቀሚስና የሱሪ እግር እጥፋትም እንዲሁ ነው። ከመፍታትሽ በፊት ግን ውስጥ የተደበቀውን ጨርቅ ቀለም ከውጪው ጋር አስተያዪው። ውጪው ፀሐይና እጥበት ካገረጣው መስመሩ ይታያል፤ እንዲያ ከሆነ እጥፋቱ ላይ ሌላ ጠርዝ ወይም ጥለት ማስሰፋት ይሻላል።

የሚይዝ ዚፕ ጥርሶቹን በሻማ ሰም ወይም በእርሳስ ብታሺው ይለሰልሳል። ከተዘጋ በኋላ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ ደግሞ ችግሩ ብዙ ጊዜ ጥርሶቹ ላይ አይደለም፤ ተንሸራታቿ ብረት ላልታለች። በፒንሳ ከሁለቱም ጎን በቀስታ፣ ጥቂት በጥቂት ጫን ጫን አድርጊያት፤ በአንዴ ከጫንሻት ትሰበራለች። ሙሉ ዚፕ ከመለወጥ በፊት ይህን ሞክሪ። ቁልፍ ስትሰፊ በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት አድርጊ፤ ሰፍተሽ ስትጨርሺ እንጨቷን አውጥተሽ የላላውን ክር በዚያው ክር ዙሪያውን ጠምጥሚው። ጨርቁ ላይ ተጣብቆ የተሰፋ ቁልፍ በየመቆለፉ ክሩን ያስጨንቀዋል፤ አንገት ያለው ግን ዓመታት ይቆያል።

የሸሚዝ ኮሌታ ሲበላ ሰው ሸሚዙን በሙሉ ይጥላል። ልብስ ሰፊዎች ግን ኮሌታውን ፈትተን፣ የተበላውን ወደ ታች ገልብጠን፣ መልሰን እንሰፋዋለን፤ ሸሚዙ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ካበቃም በኋላ ለጥቂት ዓመታት ብሪታንያ ውስጥ ልብስ በራሽን ካርድ ይሸጥ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 1941 እስከ 1949 ማለት ነው። ያን ጊዜ ኮሌታ መገልበጥ በየቤቱ የሚሠራ ሥራ ሆኖ ነበር። ዛሬም የሚከለክለን የለም።

ሱሪ ቶሎ የሚሳሳው በጭኑ ውስጥና በመቀመጫው ነው። አልፎ አልፎ ወደ ብርሃን አንሥተሽ እዪው። ጨርቁ ወንፊት መምሰል ሲጀምር፣ ገና ሳይቀደድ፣ ከውስጥ በኩል ስስ እራፊ አድርገሽ ጥቅጥቅ አድርገሽ ጥቀሚው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል፤ የሳሳ ጨርቅ ጥገናው አይታይም፣ የተቀደደው ግን ይታያል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚተርፍ ይኖራል። ንጹሕና ሙሉ የሆነውን ለሚለብሰው ስጪ። የተቀደደና የቆሸሸ ለሰው አይሰጥም፤ ተቀባዩን ማዋረድ ነው። የማይለበሰውን የጥጥ ልብስ ቁልፉንና ዚፑን ነቅለሽ በብልቃጥ አስቀምጪ፣ ጨርቁን ለመወልወያ ቆራርጪው። ከዚያ ወደ ቁም ሳጥን የተመለሰውን በወረቀት ጻፊ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው አራት ጥቁር ሱሪ እንዳለው የሚያውቀው። ወረቀቱን ቦርሳሽ ውስጥ አድርጊ፤ የሚቀጥለውን ግዢ እሱ ይወስንልሽ። ለጊዜው የመደርደሪያ ሣጥንና ቅርጫት አትግዢ፤ ብዛቱ ሲቀንስ የሚያስፈልግሽ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ መግዛት ግድ ሲሆንብኝ ርካሹን ልግዛ ወይስ ውዱን? ውድ የገዛሁት ሹራብ በአንድ ወቅት ውስጥ ፍርፍር ስላወጣ ተስፋ ቆርጫለሁ።

መልስ፦ ዋጋው ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። ልብሱን ይገልብጡት፤ እውነቱ ያለው ውስጡ ነው። ስፌቱን በሁለት እጅዎ ይዘው ጎተት ያድርጉት፦ ክሩ ተከፍቶ ብርሃን ካሳለፈ ስፌቱ ሰፊና ልል ነው፣ ቶሎ ይፈታል። የጨርቁ ጫፍ ተዘምዝሟል ወይ? ትርፍ ጨርቅ ተትቶለታል ወይ? መስመር ወይም ዳማ ያለው ጨርቅ ከሆነ ጎንና ጎኑ፣ ኪሱና ደረቱ ላይ መስመሩ ይገጥማል ወይ? መስመር ለማስገጠም ጨርቅ ይባክናል፣ ጊዜም ይፈጃል፤ ያንን ያደረገ ሰፊ ሌላውንም አልቸኮለበትም።

ከዚያ ጨርቁን በጡጫዎ ጨብጠው ጥቂት ቆይተው ይልቀቁት። ተጨማዶ ከቀረ ዕድሜ ልክዎን ሲተኩሱት ሊኖሩ ነው። የሹራብ ነገር ደግሞ እንዲህ ነው፦ ፍርፍር የሚያወጣው አጫጭር ጭረት (ክሩ የሚፈተልበት ቀጭን ጸጉር) ካለው ክር የተሠራ፣ ልል ሆኖ የተጠመዘዘ ሹራብ ነው፤ አጫጭሮቹ በመፈተግ ይወጡና ይጠቀለላሉ። ለስላሳነቱ ሱቅ ውስጥ ያማልላል። በመዳፍዎ ደጋግመው አሸት አሸት ያድርጉት፤ ወዲያው ጸጉር ካበቀለ ይተዉት። ፍርፍሩን ከአሮጌው ላይ በምላጭ በቀስታ መላጨት ይቻላል፣ ሹራቡን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው።

ዋጋውን የሚያካፍሉት በሚለብሱበት ጊዜ ብዛት ይሁን። በየሳምንቱ የሚለበስ ጫማና ጃኬት ላይ ገንዘብ ማውጣት አያስቆጭም። ለአንድ ቀን ድግስ የሚሆነውን ግን ይዋሱ ወይም ይከራዩ፤ ምንም አያሳፍርም። አንድ የጥጥ ካናቴራ ከእርሻው ጀምሮ ተሰፍቶ እስኪያልቅ 2,700 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈጃል። እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ካናቴራን እንደ ተራ ነገር ማየት አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ። ያሉኝ ልብሶች ጥቂት ናቸው፤ እነሱም በአጠባዬ እያለቁ ነው። ጥቁሩ ገረጣ፣ የሱፍ ሹራቤ ለሕፃን የሚሆን እስኪመስል ተሰበሰበ።

መልስ፦ ልጄ፣ ሹራቡን ማዳን አንችልም። የሱፍ ጭረት ላዩ ቅርፊት አለው፤ ሙቅ ውሃና ፍትጊያ ሲያገኘው ቅርፊቶቹ እርስ በርሳቸው ይያያዙና አይላቀቁም። የሚቀጥለውን በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ፣ ሳትፈትጊው፣ ጫን ጫን እያደረግሽ እጠቢው። ስትጨምቂው አትጠምዝዢው፤ በፎጣ ጠቅልለሽ ውሃውን አስመጥጪውና ዘርግተሽ አድርቂው። ከተሰቀለ በራሱ ክብደት ይረዝማል።

ሌላውን ልብስ በተመለከተ ትልቁ ምክሬ አጠባውን መቀነስ ነው። ገላ ላይ የሚውል የውስጥ ልብስ፣ ካልሲ፣ ካናቴራ በተለበሰ ቁጥር ይታጠባል፤ በዚህ ድርድር የለም። ጂንስ፣ ጃኬትና ሹራብ ግን አንድ ቀን ስለተለበሱ አይቆሽሹም። ማታ አየር ላይ ስቀያቸው፣ ነጠብጣብ ካለ ያንን ቦታ ብቻ አጽጂ። ጥቁርና ጂንስ ገልብጠሽ፣ ዚፑን ዘግተሽ፣ በ30 ዲግሪ ወይም በቀዝቃዛ ውሃ እጠቢ፤ ጥላ ሥር አስጪ። ነጭ ልብስ ግን ፀሐይ ይወዳል።

ሳሙና ማብዛት አያነጣም። ያልታጠበ የሳሙና ቅሪት ጨርቁ ላይ ይቀርና ያደርቀዋል፣ ቆሻሻም ይይዛል። ማለስለሻ የሚባለውንም ፎጣ ላይ አታድርጊ፤ ጭረቱን ስለሚሸፍነው ፎጣው ውሃ መምጠጥ ያቆማል። ላስቲክ ያለበት ልብስ ጠላቱ ሙቀት ነው፤ በሞቀ ማድረቂያ ማሽን ውስጥ አታስገቢው። በረኪና ሱፍና ሐርን ይበላል። ደግሞ እባክሽ፣ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ አሞንያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አታደባልቂ፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ቤቱን ሁለት እጥፍ ለማጽዳት ብለው ያደባለቁ ሰዎች ሕክምና ቤት ገብተዋል።

የብርድ ልብስ ስታስቀምጪ ታጥቦ የደረቀ ይሁን። ልብስ የምትበላው የምትበረዋ ብል ሳትሆን እጯ ናት፤ እሷም ላብና የምግብ ነጠብጣብ ያለበትን ሱፍ ትመርጣለች። ብል የገባበትን ሹራብ በፕላስቲክ አሽገሽ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት ብታቆዪው እጩም እንቁላሉም ይሞታል።

ጥያቄ፦ ብቻዬን የምኖር ወንድ ነኝ። ውጭ መብላት አቁሜ ቤቴ ማብሰል ጀመርኩ፤ ወጪው ግን አልቀነሰም። ከገዛሁት ግማሹ ይበላሻል። ፍሪጅ እያለኝ ለምን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብቻህን አይደለህም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም ባወጣው ሪፖርት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል፤ ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ከምግብ ቤትም ከሱቅም በላይ ማለት ነው። ይህን የምነግርህ ላስደነግጥህ ሳይሆን ቁጠባው የት እንዳለ ላሳይህ ብዬ ነው፤ እጅህ ላይ ነው ያለው።

ፍሪጅ ያገባነውን እንድንረሳ ያደርገናል። አንድ መደርደሪያ፣ በዓይንህ ትይዩ ያለውን፣ «መጀመሪያ የሚበላ» ብለህ ለይ። የተረፈ፣ የተከፈተ፣ ግማሹ የተቆረጠ፣ ሁሉም እዚያ ይቀመጥ፤ ምን ልብላ ስትል ዓይንህ መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ይሁን። አዲስ ስትገዛ አሮጌውን ወደ ፊት ሳብ፣ አዲሱን ከኋላ አድርግ። ዕቃው ውስጡ የሚታይ ይሁን፤ ክዳን ያለው ብርጭቆ ዕቃ ከሌለህ የታጠበ የማርማላታ ጠርሙስ ይበቃል። ላዩ ላይ በወረቀት ቀኑን ለጥፍ።

ሙቀቱ 4 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች፣ ፍሪዘሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 18 ይሁን። በሩ ከሁሉም ይሞቃል፤ ወተትና እንቁላል ወደ ውስጥ ግባ በላቸው፣ በሩ ላይ ድልህና ማጣፈጫ ይቀመጥ። ጥሬ ሥጋ ከሁሉም በታች፣ የሚንጠባጠብበት ነገር በሌለበት።

ሁሉም ነገር ግን የፍሪጅ አይደለም። ዳቦ ፍሪጅ ውስጥ ከውጭ ይልቅ ፈጥኖ ይደርቃል፤ በሁለት ቀን የማትጨርሰውን ቆራርጠህ ፍሪዘር አስገባና የምትፈልገውን ያህል ብቻ አውጣ። ድንች ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ደረቅ ቦታ ይፈልጋል። ብርሃን ሲያገኘው አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ራሱ ባይጎዳም ሶላኒን የሚባል መርዝ አብሮት እንደጨመረ ምልክት ነው። ሽንኩርት አየር የሚያገኝበት ደረቅ ቦታ፣ ከድንቹ ተለይቶ ይቀመጥ። ሙዝ፣ ፖም፣ ቲማቲምና አቮካዶ ሲበስሉ ኤቲሊን የተባለ ጋዝ ያወጣሉ፤ ጎናቸው ያለ ቅጠልና ካሮት በዚያ ጋዝ ቶሎ ይበላሻል። ይህንኑ ወደ ጥቅም መመለስም ትችላለህ፦ ያልበሰለ አቮካዶ ከሙዝ ጋር በወረቀት ከረጢት ብታስር ቶሎ ይበስልልሃል። ቅጠላ ቅጠል ታጥቦ፣ በደንብ ደርቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ሲቀመጥ ይከርማል፤ እርጥብ ሆኖ በፕላስቲክ ሲታሰር ይበሰብሳል።

የተረፈ ምግብ ከተበሰለ በሁለት ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ይግባ፣ በሦስት ወይም በአራት ቀን ይበላ፤ ሲሞቅም እንፋሎቱ እስኪወጣ በደንብ ይሙቅ። ብዙ ከሆነ በጠፍጣፋ ዕቃ ከፋፍለው፤ በትልቅ ድስት የገባ ምግብ መሐሉ ለሰዓታት ሞቅ እንዳለ ይቆያል። ሩዝ ላይ በተለይ ጥንቃቄ አድርግ። የሩዝ ባክቴሪያ ዘሩ ማብሰልን ይቋቋማል፤ ውጭ ካደረ የሚያወጣውን መርዝ ደግመህ ብታሞቀውም አይጠፋም።

ማሸጊያ ላይ ያለውን ቀንም ለይተህ አንብብ። «እስከዚህ ቀን ቢጠቀሙት ይመረጣል» የሚለው ስለ ጣዕምና ጥራት ነው፤ ቀኑ ያለፈ ደረቅ ብስኩት ወይም ማካሮኒ በዓይንህና በአፍንጫህ አይተህ ልትበላው ትችላለህ። «ከዚህ ቀን በኋላ አይጠቀሙ» የሚለው ግን ስለ ጤና ነው፤ እሱን አትድፈር።

ስለ ግዢህ አንድ ነገር ልጨምር። ብቻውን ለሚኖር ሰው ብዙ ሲገዛ የሚቀነስ ዋጋ ትርፉ ደረቅ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ሩዝ፣ ባቄላ፣ ሳሙና። የሚበላሽን ነገር በርካሽ አብዝቶ መግዛት መጣያውን መቀለብ ነው። ከመውጣትህ በፊት ፍሪጁን ከፍተህ በስልክህ ፎቶ አንሣው፤ ሱቅ ቆመህ «ካሮት አለኝ ወይ?» ስትል መልሱ ኪስህ ውስጥ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቁጠባን ከንፍገት ለይቶ አያይም። የተጠገነ ሸሚዝ አልለብስም፣ እንግዳ ሲመጣ የተረፈ ምግብ አይቅረብ ይላል። ልጆቹም እሱን እያዩ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ የገንዘብ ጉዳይ አይመስለኝም፤ ይሉኝታ ነው። ብዙ ሰው ልጅነቱን በተጣፈ ልብስ ያሳለፈ ከሆነ ዳግም ወደዚያ መመለስን ይፈራል። ስለዚህ በእሱ ሸሚዝ አትጀምሪ፣ በእንግዳውም አትጀምሪ። እንግዳ ፊት አዲስ ምግብ ይቅረብ፤ የእሱን ክብር መንካት ቤትሽን አያተርፍም። ቁጠባሽን ማንም በማያየው ቦታ አድርጊው፦ በአምፖሉ፣ በምድጃው፣ በፍሪጁ፣ በአጠባው።

ገንዘቡን ግን ይየው። ከወር ወጪ የተረፈውን ለብቻው አስቀምጪና ሁለታችሁም ለምትፈልጉት ነገር አውሉት፤ ምን እንደሆነ ራሱ ይምረጥ። ንፉግ ሌላውን የሚነሣ ነው፤ አንቺ ግን ከመጣያው ነሥተሽ ለቤትሽ እየሰጠሽ ነው። ይህን በቃል ከምትነግሪው ያ የተጠራቀመው ገንዘብ ቢነግረው ይሻላል። ልጆቹን ደግሞ ቁልፍ መስፋት አስተምሪያቸው፤ ወንዱንም ሴቷንም። እጁ የሠራውን ልጅ አያፍርበትም።

ጥያቄ፦ የማብሰያ ወጪ ከበደኝ። በአጭሩ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ድስቱን ክደኚ። ውሃ አንዴ ከፈላ እሳቱን ቀንሺ፤ እየተንተከተከ የሚፈላውም ቀስ ብሎ የሚፈላውም ሙቀታቸው አንድ ነው፣ 100 ዲግሪ ገደማ፤ ትርፉ እሳት እንፋሎት ከማውጣት ሌላ አይሠራም። ደረቅ ጥራጥሬ ማታ ዘፍዝፊው። ፕሬዠር ኩከር ካለሽ ውስጡ ወደ 120 ዲግሪ ስለሚደርስ ጊዜውን በእጅጉ ያሳጥረዋል። ቀይ ቦሎቄ ግን፣ ነዳጅ ለመቆጠብ ብለሽም ቢሆን፣ በጥሬው በዝቅተኛ ሙቀት አታብስዪው፤ የዘፈዘፍሽበትን ውሃ ደፍተሽ በአዲስ ውሃ ቢያንስ 10 ደቂቃ በደንብ መፍላት አለበት፣ ካልሆነ ያስመልሳል። በኤሌክትሪክ ምድጃ የምታበስዪ ከሆነ ድስቱ ከሚግለው የምድጃው ክብ ልክ ይሁን፣ ጥቂት ደቂቃ ሲቀርሽም አጥፊው፤ በቀረው ሙቀት ይጨርሳል። ለአንድ ስኒ ሻይ ሙሉ ማንቆርቆሪያ አታፍዪ።

ሰው መብራት አጥፉ እያለ ልጆቹን ይቆጣል። 9 ዋት የምትወስድ ኤልኢዲ አምፖል የድሮዋን የ60 ዋት ያህል ታበራለች፤ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ግን 2,000 ዋት ገደማ ይወስዳል። ዓይንሽ የሚያሞቁ ዕቃዎች ላይ ይሁን፦ ምድጃ፣ ካውያ፣ የውሃ ማሞቂያ። ልብስ ስትተኩሺ አጠራቅመሽ በአንዴ ተኩሺ።

ጥያቄ፦ እናቴ ምንም ነገር አትጥልም። የሻገተ ዳቦ ሻጋታውን ቆርጣ ትበላለች፣ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ በፕላስተር ጠቅልላ ትሰካለች። «እኔ ያደግኩት እንዲህ ነው» ትለኛለች። ልናገራት ይከብደኛል።

መልስ፦ ልጄ፣ እናትህን አክብራቸው፤ ብዙ ከሌላው የሚሻል እውቀት አላቸው። ሁለቱ ነገሮች ላይ ግን አትለሳለስ።

ዳቦ ላይ የምናየው አረንጓዴ የሻጋታው አበባ ብቻ ነው፤ ሥሩ በለስላሳው ውስጥ ዓይን ሳያየው ይሄዳል። ዳቦ፣ የበሰለ ምግብ፣ እርጎ፣ ለስላሳ ፍራፍሬ ከሻገተ በሙሉ ይጣል። እንደ ካሮትና ጠንካራ አይብ ያለው ግን ሻጋታው ካለበት ቦታ ዙሪያውንና ጥልቀቱን 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጠው ቢያወጡለት የቀረው ይበላል፤ ቢላው ሻጋታውን እንዳይነካ ብቻ። ለውዝና እህል ላይ ከሁሉም በላይ ይጠንቀቁ። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፣ ምግብ ማብሰያ ሙቀትም አያጠፋውም። የሻገተ ለውዝ ይታጠብ፣ ይቆላ ማለት ዋጋ የለውም።

እንዲህ ንገራቸው፦ «እማዬ፣ መጣል ካልወደድሽ እንዳይሻግት እናድርገው።» ከዚያ አብራችሁ የዳቦውን ትራፊ ቆራርጣችሁ ፍሪዘር አስገቡ፣ ወይም በምድጃ አድርቃችሁ ፈጭታችሁ በጠርሙስ አስቀምጡ። የለመዱትን ልማድ ሳትነጥቅ አቅጣጫውን ትቀይርላቸዋለህ።

ገመዱ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ላይ ድርድር አታድርግ። መደበኛ ፕላስተር የኤሌክትሪክ መከላከያ አይደለም፤ ሙቀት ሲያገኘው ማጣበቂያው ይለቃል፣ የተበጠሰ ሽቦም የሚነካካበት ቦታ ላይ ይግላል። ዕቃው ራሱ ደህና ከሆነ ገመዱን ብቻ በባለሙያ ማስለወጥ ይቻላል፤ ዕቃቸውን እንደማትጥልባቸው ሲያውቁ እሺ ይላሉ። እስከዚያው ከሶኬቱ ንቀለው፤ ነገ ሳትል ዛሬውኑ፣ ይህን አንብበህ እንደጨረስክ።